ቁልቁል ወደ አሰብ

አምሐ ሊነሣ ሞከረ፤ አልተነሣም።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ምሳ ሊቀርብ ሲል የነፍስ አባታቸው ወደ ድንኳኑ ገብተው መስቀላቸውን ዘረጉ። እንግዳው ሁሉ ብድግ አለ። አምሐ ግን ሁለት እጆቹን ወንበሩ ላይ ተክሎ ወገቡን ጥቂት ከፍ አደረገና ተመልሶ ዘፍ አለ። ከኋላ አንዱ «የልጅቷ አባት መጠጡን ሳንጀምር ጀምሯል!» ብሎ ቀለደ። ድንኳኑ በሣቅ ሞላ።

ሚስቱ ትሩፋት ዛሬ ክርስትና የተነሣች ልጃቸውን እንዳቀፈች አብራ ልትሥቅ ነበር። የባሏን ፊት ስታይ ግን ሣቁን ተወችው። አምሐ እግሮቹን አፍጥጦ ያያል፤ የማያውቀው ሰው እግሮች ከሥሩ ተዘርግተው ያገኘ ይመስል።

«ምን ሆነሃል?»

«ከወገቤ በታች… የለሁም።»

ሣቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየከሰመ ሄደ። ቄሱ መስቀላቸውን እንደ ዘረጉ ቀሩ።

ተሸክመው ወደ ጓዳ አስገቡት። ትሩፋት ሕፃኗን ለእናቷ ለወይዘሮ ተሾመች ሰጥታ የባሏን ሱሪ ሰበሰበችና ባቱን ቆነጠጠችው። ጥፍሯ ምልክት እስኪያወጣ ድረስ ደግማ ቆነጠጠችው። አምሐ የሌላ ሰው ገላ እንደሚቆነጠጥ ሁሉ እጇን ብቻ ይመለከታል። ያን ጊዜ ከጆሮዋ ድምፅ ጠፋ። ውጭ ሰው ሲንጫጫ፣ እናቷ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ የምትሰማው ግን የራሷን ልብ ነው።

አምሐ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነው። አሰብ ወደብ ላይ ከመርከብ ሆድ ሥር እየገባ የተበላሸውን ይጠግናል። ልጁ ስትወለድ አልነበረም፤ ፈቃድ በጠየቀ ቁጥር ጦርነቱ ይቀድመው ነበር። አዲስ አበባ፣ ነፋስ ስልክ ሰፈር የቀበሌ ሱቅ ሻጭ የሆነችው ሚስቱ በመጨረሻ ስልክ ደውላ «ለክርስትናዋ ካልመጣህ አባት የላትም ብዬ ነው የማሳድጋት» አለችው። ትናንት አመሻሹ ላይ በወታደር አውሮፕላን ደረሰ። የጨው ጠረኑ ሳይለቀው ልጁን ተቀብሎ አንገቷ ሥር ተሸጎጠ። ማታ ትከሻውን ቆረጠመው፤ ቆዳውን በላው። ወይዘሮ ተሾመች «የአውሮፕላን ብርድ ነው» ብለው በቪክስ አሹት። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም አንድ እግሩን ይጎትት ነበር፤ ደንዝዞ ነው ብሏት አልፋዋለች።

«ታውቀዋለህ አይደል? ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ» አለችው አሁን።

አምሐ ወደ ጣሪያው ዞረ።

«ትናንት ጠዋት ጠልቄ ነበር። ጥልቅ ነው፣ ደጋግሜ ነው የገባሁት። ከባሕር የወጣ ሰው ወዲያው አውሮፕላን አይሳፈርም፤ ይህን አስተምረውናል። እታች የተነፈስነው አየር ደም ውስጥ ይቀራል። ቀስ ብሎ ካልወጣ… የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ስትከፍቺ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እንደዚያ ነው። ወንበር የተገኘው ትናንት ብቻ ነበር። ዝም አልኩ።»

እንግዶቹ መሀል የአሰብ መስመር ሹፌሩ ጋሽ ዳባ ነበሩ። መንገድ ዳር ባቆሙት የጭነት መኪና ሆስፒታል አደረሷቸው። ዶክተር ገሠሠ አዳምጠው ሳይጨርሱ ኦክስጅን አስመጡና አፍና አፍንጫው ላይ ገጠሙለት። ከዚያ ትሩፋትን ወደ ኮሪደሩ ወሰዷት።

«ይህ ትንፋሽ ይሰጠዋል እንጂ አያድነውም። እታች የነበረው ዓይነት ግፊት ውስጥ ተመልሶ መግባት አለበት። ለዚያ የተሠራ የብረት ክፍል አለ፤ እኛ ዘንድ ግን የለም።»

«የት ነው ያለው?»

«አሰብ።»

ወይዘሮ ተሾመች ከኋላ «እንዳመጡት በአውሮፕላን ይመልሱታ!» አሉ።

«እንደገና ከፍ ካለ የቀረውንም እናጣዋለን፣ እናቴ። በመኪና ነው፤ ቁልቁል። ዛሬውኑ።»

ጋሽ ዳባ የመኪናቸውን ቁልፍ በመዳፋቸው አገላበጡ። «ነገ ልወርድ ነበር። ዛሬ እወርዳለሁ» አሉ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከግብዣው እጁን ሳይታጠብ ተነሥቶ የይለፍ ወረቀት አጽፎ አመጣላቸው። ወይዘሮ ተሾመች ግን የመኪናውን በር ይዘው አልለቅ አሉ።

«ጨቅላ ይዘሽ ወደዚያ እሳት? ተይልኝ!»

«ጡቴን ትቼላት ልሂድ፣ እማዬ?»

በሩ ተዘጋ።

አምሐን ከሹፌሩ መቀመጫ ጀርባ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ አጋደሙት። ሆስፒታሉ ያዋሳቸው የኦክስጅን ሲሊንደር አጠገቡ ታሰረ። ደብረ ዘይትን አለፉ፤ ሞጆን አለፉ። ትሩፋት በአንድ ክንዷ ልጇን ታቅፋ ሌላውን እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ባሏ ላይ አሳረፈች። ናዝሬት ላይ ሕፃኗ ጡት ጠብታ ተኛች።

«የጠራሁህ እኔ ነኝ» አለች ሳትዞር።

ጭንብሉን ገለጥ አደረገው። «የመጣሁት እኔ ነኝ።»

ከመተሐራ ወዲህ ነፋሱ ይጋረፍ ጀመር። የሕፃኗን የክርስትና ልብስ አውልቃ በነጠላ ብቻ አስቀረቻት። ፀሐይዋ ከኋላቸው ስትጠልቅ የአዋሽ መብራቶች ከሩቅ ታዩ፤ መንገዱም አሁንም ይወርዳል።

«ትሩፋት።»

«ወዬ።»

«እጅሽን አንሺልኝ። ሙቀቱ ላይ አቃጠለኝ።»

እጇ ከሞጆ ጀምሮ በደነዘዘው ጉልበቱ ላይ ነበር። አላነሣችውም። ጋሽ ዳባ በመስታወቱ ፊቷን አይተው እግራቸውን ከነዳጁ መርገጫ አላቀቁ።

«ላቁም እንዴ፣ ልጄ?»

«አይ፣ ጋሽዬ። ይንዱ፣ ይንዱ ብቻ!»

ከዚያ ወደ ኋላ ዞረች።

«አምሐ፣ እጄ የትኛው ጉልበትህ ላይ ነው?»

አምሐ ዓይኑን ጨፈነ፤ ግንባሩን ቋጠረ፤ ትንፋሹን ያዘ፤ በጨለማ ውኃ ውስጥ በእጁ ዳሰስ ዳሰስ እንደሚል ጠላቂ የእጇን ሙቀት እየፈለገ ነበር።