መኪና የማይገባበት መንገድ

በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አለቃዬ ፀጋው ቢሮው ጠርቶ፣ «ቢሻው፣ ከመሥሪያ ቤታችን ብስክሌት ያለህ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ሥራ ሊጭንብኝ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጆች መኪና በሌለበት መንገድ፣ በጫካና በወንዝ መሀል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ብስክሌት መንዳት ይወዳሉ ተባለ። ወድደው! የእኔ ድርሻ ከምንሠራበት ከተማ ከቆሰበር ተነስቶ በቀርከሃው መሀል ወደ ግምጃ ቤት ከተማ በኩል የሚወርድ፣ ለጎማ የሚመች፣ መኪና ግን የማይደርስበት መንገድ መፈለግና ምልክት ማድረግ ነበር። ግዢ ክፍል ሄጄ ቀለም ስጠይቅ «ያለው ቀይ ብቻ ነው» አሉኝ። ቀለም ቀለም ነው ብዬ ቀዩን ተቀበልኩ።

ቆሰበር ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነበር። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ብስክሌቱም የዚያ ትራፊ ነው። ሚስቴ ሰርክአዲስ የቆሰበርን ብርድ አንድ ክረምት ቀመሰችና ወደ እናቷ ተመለሰች፤ በዚያው ቀረች። ያባረራት ብርዱ ይሁን እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ሆቴል ገብቼ አንድ ጥግ ይዤ እበላለሁ። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» ሲሉ እሰማና እናደዳለሁ፤ ወድጄ መሰላቸው! አስተናጋጇ እንኳ ምን ልታዘዝ ማለት ትታ፣ ስገባ ስታየኝ ያንኑ የለመድኩትን ታመጣልኝ ነበር።

መንገዱ ያምራል፤ ያማረውን አላማርም አልልም። ቀርከሃው ከላይ ተገናኝቶ ፀሐዩን ይከልላል፤ ከሥር ወንዙ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ይሰማል። ሦስት ሰዓት ሙሉ የሞተር ድምፅ አልሰማሁም። የሰማሁት የብስክሌቴን ካቴና ሲጥ ሲጥታና የራሴን ትንፋሽ ነው። ዝምታን የሚወድ ሰው ቤቱ ጫጫታ ያለበት ሰው መሆን አለበት። እኔ ግን ከዝምታ ወጥቼ ዝምታ ውስጥ ነበር የምነዳው፤ እውነቱን ለመናገር ያስፈራኝም ነበር።

ከወንዙ በላይ ያለው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለኝና ከአንድ የሣር ቤት ጥግ ሄጄ ተዘረርኩ። ደጃቸው ላይ ቀርከሃ እየሰነጠቁ ቅርጫት የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ተነስተው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ተርፈሃል?»

«ተርፌያለሁ አባቴ።»

«ምን ልትሆን በዚህ ገደል በብረት ፈረስ ትጋልባለህ?»

አቧራዬን እያራገፍኩ፣ «ከቆሰበር ነው የመጣሁት። መኪና የማይገባበትን መንገድ እየመዘገብኩ ነው» አልኳቸው። አንዲት ቃል ውሸት የለበትም።

ሽማግሌው አያ ይኸነው ይባላሉ። ይህን ሲሰሙ ቅርጫቱን ጥለው ወደ ማዶ በአገሩ ቋንቋ በአውኛ ተጣሩ። ከተናገሩት ውስጥ የገባችኝ «መኪና» የምትለዋ ብቻ ናት። ጥቂት ጎረቤቶች እየሮጡ መጥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

«ረስተውናል ብለን ነበር ልጄ» አሉ አያ ይኸነው። ከዚያ ስለ ሚስታቸው ስለ ወርቅአየሁ ነገሩኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ታመሙ፤ ስምንት ሰው በቃሬዛ ተሸክሟቸው ወደ ሐኪም ቤት ሲወጣ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞቱ። «መኪና ቢኖር እኮ ግማሽ ሰዓት ነው» አሉኝ። «ከዳገቱ ላይ መለስናት።»

ነገሩ እዚያው ገባኝ። መኪና የማይገባበትን የሚመዘግብ ሰው፣ መኪና ሊያስገባ ነው የመጣው ብለዋል። ሌላ ምን ይበሉ? መኪና ስለሌለበት ብሎ መንገድ የሚመርጥ ጤነኛ ሰው የት አይተው ያውቃሉ? አንድ ዐረፍተ ነገር ብናገር ይበቃ ነበር። አያ ይኸነው ግን ክንዴን ይዘው ቤት አስገቡኝ፤ ድንች ቀቀሉ፤ ትኩሱን በጣታቸው እየላጡ በሚጥሚጣ አጎረሱኝ። ከእናቴ በኋላ ልጦ ያጎረሰኝ ሰው አልነበረም። ዝም አልኩ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ነቅዟል።

ሁለት ቀን የሚበቃውን ሥራ አምስት ቅዳሜ አደረግሁት። ፀጋው ሲጠይቀኝ መንገዱ ረጅም ነው እለዋለሁ። አያ ይኸነው ደጃቸው ተቀምጠው ይጠብቁኛል፤ ገና ከሩቅ ብስክሌቱ ሲንኳኳ ሲሰሙ «ቢሻዬ መጣህ?» ይላሉ። በአውኛ ሰላምታ ያስተምሩኛል፤ ምላሴ ሲተሳሰር ዕንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ሲበርደኝ ያዩ ለታ የወርቅአየሁን ጋቢ አውጥተው አለበሱኝ። በዚህ ዓለም የምጠበቅበት ደጅ ያ ብቻ ነበር። እውነቱን ከተናገርኩ የማጣው እሱን ነው፤ ሌላ የማጣው ነገርም አልነበረኝም። ስለዚህ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እወርዳለሁ፣ ለሚቀጥለው እነግራቸዋለሁ ብዬ እወጣለሁ።

በመጋቢት መጨረሻ ቀለሙን ይዤ ወረድኩ። ድንጋዮቹ ላይና ከመታጠፊያው በፊት ባለው ትልቅ ወይራ ላይ ቀይ ቀስት ሠራሁ። መንገዱ ወደ ወንዙ የሚታጠፈው በአያ ይኸነው ቤት ጥግ ስለሆነ፣ ግድግዳውንም ቀባሁት።

«ይሄንም?» አሉኝ ቀዩን እያዩ።

«አዎ፤ መንገዱ በዚህ በኩል ነው።»

ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አዩት። በእጃቸውም ዳሰሱት፤ ቀለሙ ጣታቸው ላይ ቀረ። «ይሁን» አሉ። «ለወርቅአየሁ አልደረሰም፤ ለሌላው ይድረስ።»

ምርቃት መሰለኝ። እንደ ሞኝ አሜን አልኩ።

ከዚያ ለሥልጠና ባሕር ዳር ተላክሁ፤ ፋሲካም በመሀል ገባ። የተመለስኩት ግንቦት ላይ ነው። የብስክሌት መንገዱ ካርታ ታትሞ ደርሶ ስለነበር አንዱን ከቦርሳዬ ከትቼ በማግሥቱ ወረድኩ። የመጀመሪያዎቹ ፈረንጆች በሳምንቱ ይመጣሉ ተብሎ ነበር፤ ከዚያ በፊት በራሴ አፍ ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። በእርግጥ ቆርጬ ነበር።

መጀመሪያ ያጣሁት ድንጋዮቹን ነው። ቀይ የነካሁት ድንጋይ ሁሉ ተፈንቅሎ ገደል ገብቷል። ቀጥሎ ወይራው የለም፤ ጉቶው ገና እርጥብ ነው። ሰው ጠልቶኛል ማለት ነው እያልኩ ወረድኩ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ግን ቤቱም የለም።

ቀርከሃው በአንድ በኩል በወግ ተከምሯል፤ ሣሩ በሌላ በኩል። አያ ይኸነው በላስቲክ ከተሠራች ዳስ ሥር ካንድ ሣጥን ጋር ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ እጃቸውን ዘርግተው ተነሱ።

«ቢሻዬ! አየህልኝ? ጨረስን! ወይራውን ጎረቤቶቼ እነ አድማሴ በደቦ ጣሉት፤ ቤቱን ግን ማንም አይነካውም ብዬ ብቻዬን ነው ያፈረስኩት። ቆሰበር ቀይ የተቀባ ቤት ባለቤቱ ካላነሳው ግሬደር ይደረምሰዋል አይደል የሚሉት? ወርቅአየሁ ያቆመችውን ምሰሶማ በግሬደር አላስነካም። በል ንገረኝ፣ መኪናው መቼ ይገባል?»

ቆሰበር አራት ዓመት ስኖር፣ መንገድ ይሰፋል ተብሎ ቀይ በተቀቡ አጥሮችና ግድግዳዎች አጠገብ ጠዋት ማታ አልፌያለሁ። ትርጉሙን ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ቀለም ቀለም ነው ብዬ፣ የሰው ቤት ላይ ፍረስ ብዬ ጽፌ፣ አሜን ብዬ ሄጃለሁ።

ከክረምት በኋላ ይገባል ማለት እችል ነበር። አፌ ላይም ደርሶ ነበር። ግን ዝናቡ ደጅ ላይ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ላስቲክ ሥር።

«አያ ይኸነው፣ መኪና አይመጣም» አልኳቸው። «መንገዱ ለብስክሌት ነው። ፈረንጆች ሊነዱበት። መኪና ስለሌለው ነው የመረጥነው። መጀመሪያ ቀን እንዳልተግባባን አውቄ ነበር፤ እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

«ለምንድን ነው መኪና የሌለውን የፈለጉት?» አሉ።

«ዝምታውን ስለሚወዱት።»

«ዝምታውን?» ወደ ዳገቱ ቀና አሉ። «እኛስ ሰልችቶን ነበር።»

አለቀስኩ። ቤቱን እኔ አቆመዋለሁ፣ ፈቃድ ወስጄ መጥቼ ክረምቱ ሳይገባ አብረን እንጨርሰዋለን፣ እዚሁ አድራለሁ፣ እያልኩ ቀባጠርኩ። ወደ ክምሩ ሄጄ አንድ እስር ቀርከሃ ማንሳት ጀመርኩ። አያ ይኸነው ከኋላዬ መጡ።

«ይተዉት» አሉ።

ሌላ ሰው የመጣ መስሎኝ ዞር አልኩ። ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

ቀርከሃውን ቀስ አድርገው ከእጄ ወሰዱና ቦታው መለሱት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ ምንኛ በወደድኩ። «እርስዎ የመንግሥት ሰው ነዎት፤ አይድከሙ» አሉኝ። «ዳገቱ ላይ ሳይመሽብዎ ይሂዱ።»

እንግዳ እንደሚሸኝ ሸኙኝ። ብስክሌቴን አልሰጥም ብለው፣ ዳገቱ እስከሚጀምርበት ድረስ እየገፉልኝ ከፊቴ ሄዱ።