ከጃኬቱ ኪስ የጎደለው እርሳስ

ሰውዬው ክፉ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ በሽታውን ስትሰሙ አንጀታችሁ ተላውሶ ክፋቱን እንዳትረሱት ነው።

ወደብ ላይ የቆሙ መርከቦችን ሆድ ከሥር ገብተው የሚያጸዱና የሚጠግኑ ጠላቂዎች አለቃ ነው። አዲስ የሚቀጠሩትንም ድርጅቱ ግቢ ውስጥ ባለው ጥልቅ ገንዳ የሚያሠለጥናቸው እሱ ነው። ጠላቂዎቹ ጋሼ ልክ ይሉታል፤ ከአፉ የሚወጣው ብቸኛ ምስጋና «ልክ» የምትለው ቃል ስለሆነች። እሷንም ቢሆን ሰማሁ የሚል ሰው ብዙ አልነበረም።

የጠላቂ ትልቁ ሙያ መዋኘት እንዳይመስላችሁ፤ በአንድ ቦታ መቆም ነው። ጠላቂ ሲወርድ የሚነፋ ጃኬት ይለብሳል። በጃኬቱ ኪሶች ውስጥ ቁልቁል የሚያወርዱት የእርሳስ ብረት ጥፍጥፎች አሉ፤ ጀርባው ላይ ካለው ሲሊንደር ደግሞ በአንዱ ቁልፍ አየር ወደ ጃኬቱ ያስገባል፣ በሌላው ያስተነፍሳል። እርሳሱ ከበዛ ይሰምጣል፣ አየሩ ከበዛ ሽቅብ ይፈናጠራል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ወለሉን ሳይነካ፣ ወደ ላይም ሳይወጣ ውሃው መሃል ዝም ብሎ ይቆማል። ጋሼ ልክ በዚህ አቻ አልነበረውም። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ሰው እግሩን አነባብሮ ውሃው መሃል ይቀመጥና ሠልጣኞቹ ሲንፈራገጡ ያያል።

ማየት ብቻ ቢሆን ምን ነበር። ወለሉን በእግሩ የነካውን ሠልጣኝ ከነሲሊንደሩ አውጥቶ የገንዳውን ዙሪያ በመጥረጊያ ያስጠርገዋል። አንዱ በዚህ ተዋርዶ ቢያለቅስ፣ እንባህን ገንዳው ውስጥ እንዳትጨምር፣ ያለን ውሃ ይበቃናል አለው። የገዛ አማቹን እንኳ አልማረም። አማቹ በመጀመሪያ ቀን ትምህርቱ የአየሩን ቁልፍ አብዝቶ ተጭኖ እንደ ጠርሙስ ክዳን ሽቅብ ተስፈንጥሮ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ፊኛ ሆነ። ሠርጉ ላይ ጋሼ ልክ ንግግር ያድርጉ ሲባል ተነስቶ ልጄን ለፊኛ ዳርኩ፣ ክሩን አጥብቃ ትያዝ ብሎ ተቀመጠ። ዓመታት አልፈው ፊኛ በወደቡ ካሉት ጠላቂዎች ሁሉ የተሻለ ሲሆንም ስሙ አልተቀየረም። ሥራ አስኪያጁ ጋሼ ልክ ጡረታ ሲወጣ አለቃ የሚሆነው ፊኛ ነው ሲል የሰውዬው ፊት እንደ ኮምጣጤ ጠጪ ተጨማደደ።

ልጁ የዕቃ ክፍል ኃላፊ ናት። ጃኬቶቹን በንጹህ ውሃ ታጥባለች፣ አየር የሚያሾልክ ካለ ታያለች፣ በየሰዉ ኪስ የየሰዉን እርሳስ እየመዘነች ትሞላለች። አባቷን ትወደዋለች፤ እንዴት እንደቻለች ለእኔም አይግባኝ እንጂ ትወደዋለች።

በሽታው በሆድ ቁርጠት ጀመረ። ሐኪሙ ውጤቱን ካየ በኋላ እሱን ከውጭ አስቀመጠና ሚስቱንና ልጁን አስገባ። ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል፣ ቀዶ ጥገናም አይረዳውም አላቸው። እናትየዋ ከክፍሉ ሳትወጣ የልጇን ክንድ ጨምድዳ ይዛ እንዳይነገረው ቆረጠች። ውጭ ለተቀመጠው ባሏም ጨጓራ ነው፣ ቅባት ተው ተብለሃል አለችው። እሱም ለጨጓራ ነው ሁለት ሴት ያስጠራው ብሎ ቀለደና መኪናው ውስጥ ገባ። ለፊኛም ተነገረውና አፉን እንዲዘጋ ቃል ተቀበሉት።

ቤት ውስጥ መዋሸት ቀላል ነው። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ሲል እናትየዋ ደብቃ እየሰፋች ታጠብበዋለች። የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት ተሰነጠቀ ብላ አወረደችው። ጎረቤት «ከሳህ» ሊል አፉን ሲከፍት በዓይኗ ትዘጋዋለች። ውሃን ግን ማን ያስጠነቅቀዋል? ስብ ይንሳፈፋል፤ ከሰውነት ላይ ስቡ ሲያልቅ ትናንት የተመጣጠነው እርሳስ ዛሬ ይበዛል።

አንድ ቀን ጠዋት ልጅቷ በገንዳው ጎን ባለው የመስታወት መስኮት ስትመለከት የአባቷ ጉልበት ወለሉን ሲነካ አየች። አየር አስገብቶ ተነሳ፤ ተመልሶ ወረደ፤ እንደገና አስገባ። ሠልጣኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሷ ክው አለች። ሰውዬው ከዚያ ወጥቶ ልብሱ አርጅቷል፣ ውሃ ጠጥቷል ብሎ ተነጫነጨና ሄደ።

በማግስቱ ከኪሱ አንዷን ጥፍጥፍ አወጣችና መደርደሪያው ላይ ካሉት ጋር ቀላቀለቻት። አቅሙ እየደከመ ስለሆነ የቀለለው ጃኬት ሲለብሰው እንደ ድሮው ይከብደዋል፣ አይነቃም ብላ አሰበች። ገንዳው ውስጥ ሲገባ ተስተካክሎ እንደ ድሮው እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። በደስታ ልትጮህ ነበር፤ የዳነ መሰላት። ሰውነቱ ደግሞ ሲቀንስ እሷም ቀነሰች። በየጊዜው አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት። በጠላቂዎች ዘንድ የሌላውን ሰው ዕቃ ሳይነግሩ መንካት እንደ ነፍስ ግድያ የሚታይ መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች። ከመርከብ ሆድ ሥር ያለ ሰው እርሳስ ቢጎድለው ተፈናጥሮ ከብረቱ ጋር ይላተማል። ግን እሷ እያጎደለች ሳይሆን እያስተካከለች ነው፤ እንዲህ እያለች ራሷን አጽናናች።

ከዚያ ሰውዬው አንድ ቀን ጠላቂዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ሳለ፣ ለሥራ ሊወርድ ጃኬቱን እንደያዘ ቆመና ኪሱን ከፍቶ እርሳሶቹን አንድ በአንድ መሬት ላይ ደረደራቸው። ግማሽ ያህሉ የለም። የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ያለው በልጅቷና በፊኛ እጅ ብቻ ነው። ሰውዬው ልጁን አላያትም። አማቹን ብቻ ትኩር ብሎ አይቶ፣ አለቃ ለመሆን እንዲህ ቸኩለሃል እንዴ አለው።

ወሬው ከቀትር በፊት ወደቡን አዳረሰ። ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩ በማግስቱ ቢሮው ውስጥ እንዲታይ አዘዘ። ፊኛ ጥፋተኛ ከተባለ የሚያጣው ይህን ሥራ ብቻ አይደለም፤ የባልደረባውን እርሳስ ሰርቋል የተባለን ጠላቂ የትም ወደብ ያለ ድርጅት ግቢው አያስገባውም። ሌላ ሙያ ደግሞ የለውም።

ቤት ሲገቡ ፊኛ ሚስቱን ቁጭ አድርጎ ጠየቃት፤ አልካደችም። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ለምን እንዳደረገችው ገብቶት እጇን ያዛት። እኔ ብናገር ራሱን ለማዳን በታመመ ሰው ላይ አሳበበ ይሉኛል፣ አንቺ ግን ልጁ ነሽ፣ ኃላፊዋም አንቺ ነሽ፣ አንቺ ተናገሪ ብሎ ለመናት። እሺ አለችው። እሺ ብላም ወደ እናቷ ሮጠች።

እናትየዋ ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን እንኳ አላስቀመጠችም። «ባልሽ ሌላ ሥራ ያገኛል» አለቻት። «አባትሽ ሌላ ሆድ አያገኝም። ሰው ፊት ሊሞት ነው ብለሽ ብትናገሪ፣ ጡቴን የጠባሽበት ቀን ይረገም።»

በማግስቱ ቢሮው ውስጥ አራት ሆነው ተቀመጡ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ሰውዬው፣ ፊኛና ልጅቷ። ሥራ አስኪያጁ አፉን ሳይከፍት ሰውዬው ወደ ልጁ ዞረ። በገንዳው ዳር የሚጮኸው ያ ሰው አልነበረም፤ ድምፁ ለስልሶ ነበር።

«ልጄ፣ ጃኬቴን የነካ ሰው ካለ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ማነው የነካው?»

ፊኛ አያት። የልብሷን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ ደግማ ጠቀለለችው።

«አላየሁም» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ ጠየቃት፤ ያንኑ መለሰች። ሌላ ማስረጃ የለም፣ ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው የለም። ፊኛ ለመከራከር አፉን ከፈተና የሚስቱን አቀርቅሮ መቅረት ሲያይ ዘጋው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎት» አለና ወጣ። ወደ ቤትም አልሄደም፤ ልብሱን ወንድሙ መጥቶ ወሰደለት። ይህ ግን ኋላ ነው።

ሰውዬው ልጁን ተከትሎ ዕቃ ክፍል ገባና በሩን ዘጋው። እርሳሴን ሙይልኝ አላት። የድሮውን፣ ያልተጓደለውን ያህል መዝና መሙላት ጀመረች፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ሌላ ምን ልታደርግ ትችላለች።

«እሱማ ያሰምጠኛል» አለ።

ጃኬቱን ከእጇ ወሰደና ጥፍጥፎቹን ያወጣ ጀመር። እሷ ባለፈው የተወችው ልክ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ከዚያ ሌላ አንድ አወጣ። «ይቺን ረስተሻታል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከስቻለሁ።»

ልጅቷ አግዳሚው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። «አባዬ፣ መቼ ነው ያወቅከው?»

«የመጀመሪያዋን ያወጣሽ ዕለት። ዕድሜዬን ውሃ ውስጥ ጨርሼ እርሳስ ሲጎድለኝ የማላውቅ መሰለሽ? ደስ ብሎኝም ነበር። ልጄ ልትነግረኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አንቺ ሌላ አወጣሽ።»

«እሱ ታዲያ ምን አደረገህ?»

«ምንም። ጥሩ ልጅ ነው፣ ከእኔም የተሻለ ጠላቂ ነው። ለእኔ ያላወጣሽውን እውነት ለባልሽ ስትይ ታወጪው እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። አንዲት ቃል ብትተነፍሺ እኔው እጁን ይዤ አወጣው ነበር። አልተነፈስሽም።» ሠልጣኝን ከገንዳ አውጥቶ ወድቀሃል በሚልበት ድምፅ ነው ይህን የተናገረው።

ተነስታ እግሩ ላይ ወደቀች። ሥራ አስኪያጁ ገና ቢሮው ነው፣ ሂድና ንገረው ብላ ለመነችው። አንቺ ሂጂ፣ እግር የለሽም ወይ አላት። ያን ጊዜ ሄዳ ብትናገር ዕቃውን የነካችው እሷ ናትና ከሥራዋ መባረሯ ነው፤ ባሏም ቢሆን ቢሮው ውስጥ ያየውን አይቷል፤ ለዚያ መድኃኒት የለውም። ይህን ሁሉ ሰውዬው አስልቶታል። ጃኬቱን እየለበሰ ማውራቱን ቀጠለ።

«ሁላችሁ እንደ ሕፃን ስታሞኙኝ ከረማችሁ። እናትሽ መስታወት ደበቀች፣ አንቺ እርሳስ። ይሁን ግዴለም። ገና አንድ ሁለት ዓመት አብረን አለን፤ ብዙ ትዋሹኛላችሁ።»

ልጅቷ ከወደቀችበት ተነስታ ቆመች። ፊቷ ላይ የነበረው ልመና ጠፍቶ ነበር።

«ከዝናቡ በፊት ነው» አለችው።

«ምኑ?»

«ሐኪሙ ያለው ነዋ። ዝናቡ ሳይገባ ትሞታለህ። እውነት ነበር የፈለግከው፤ ይኸው።»

ዝናቡ ሊገባ የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። ሰውዬው ይህን ለማስላት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ፊቱ ላይ ታየ። ደረቱ ላይ ያለውን መቆለፊያ ሊገጥም ሞከረና ሳተው። ደገመ፤ ፕላስቲኩ ከፕላስቲኩ ጋር ተንኳኳ እንጂ አልገባም። ለዓመታት የምትቆልፍለት እሷ ናት። ቀና ብሎ አያት፤ ለመለመን አፉ አልታዘዘው ብሎ እጆቹን ብቻ ዝቅ አድርጎ ጠበቀ። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ አየችው። ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።