ደረቁ እግር

በ1966 ዓ.ም. ጥር ላይ ቆቦ የወረድኩት ሰው ልረዳ ነው ብዬ ነበር። ውሸቴን ነው። የምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። ለመመረቂያ የሠራሁት መሣሪያ፣ ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ በቆዳ አሳልፎ የደነዘዘ ነርቭ ይቀሰቅሳል ተብሎ የታሰበ ነው፤ የተሞከረበት ሰው ግን አልነበረም። ረሃብ እግር እንደሚያደነዝዝ አንብቤያለሁ። የትውልድ አገሬ ቆቦ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ለረሃብተኞች በተሠራው መጠለያ ውስጥ ከዋጃ በኩል የመጣች ኡሙሃኒ የምትባል ሴት አገኘሁ። ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በታች አይሰማትም። ከልጆቿ የተረፈችላት አንዲቷ፣ ራህመት፣ ጀርባዋ ላይ ናት፤ ሁለት ዓመቷ ነው ብትለኝም የስድስት ወር ነበር የምትመስለው።

ድምፁ ደረቅ ቆዳ አያልፍም፣ ቅባት ይፈልጋል። ለዚሁ ብዬ አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ይዤ መጥቻለሁ። ባዕድ ወንድ እግሯን ቢነካ ነውር ነውና ዘይቱን በሲኒ ቀድቼላት፣ እስክትቀባ ፊቴን አዞራለሁ። ከዚያ የመሣሪያውን ጫፍ ራሷ በነጠላዋ ስር እግሯ ላይ ትይዘዋለች። በጨዋነቴ ኮርቼ ነበር፣ አይ እኔ!

"ተሰማሽ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ተሰማኝ። ዘይቱን ጨመር ቢያደርጉልኝ ደግሞ የበለጠ ይሰማኝ ነበር፣ ጌታዬ።"

በዕድሜ የምትበልጠኝ እሷ አንቱ ትለኛለች፤ እኔ አንቺ እላታለሁ። ሦስት ቀን ጠየቅኳት፣ ሦስት ቀን "ተሰማት" ብዬ ጻፍኩ። ምርቃቴ እጄ ገባ አልኩ።

በአራተኛው ቀን ፊቴን አዙሬ ስጠብቅ ሕፃኗን ትን አላት። ደንግጬ ዞርኩ። የኡሙሃኒ ጣት ልጇ አፍ ውስጥ ነበር፤ በዘይት ርሷል። እግሯ እንደ አመድ ነጥቶ ደርቋል። አንድም ቀን ቅባት አልነካውም።

"ይማሩኝ ጌታዬ" አለች፣ ሻሿን ወደ ዓይኗ ጎትታ። "አልተሰማኝም ብል ነገ የሚመለሱ አልመሰለኝም።"

ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አፈርኩ፣ መግቢያ አጣሁ። ጠርሙሱን አጠገቧ አስቀምጬ ሽቦዬን መጠቅለል ጀመርኩ። አሳዘንኳት መሰለኝ፣

"አብሽሩ" አለችኝ። "ማሽኑ እንዳልሠራ ለሰው አልናገርም።"

እሷ አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም። ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ መምህራኑ ፊት ቀርቤ ሦስቱን "ተሰማት" እንዳለ አነበብኩ። አንደኛው መምህር ከሁሉ የወደዱት ቅባቱን ነበር።

"ጥሩ መርጠሃል" አሉኝ። "የኑግ ዘይት ከገበሬ ቤት አይጠፋም።"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ "አዎ፣ አይጠፋም" አልኩ።