የጀልባዋ የኋላ መቀመጫ

አሮጊት መናገር ስትጀምር ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያያል። ባንክ ቤት ብሄድ «ከማን ጋር መጡ?» ነው፤ ሐኪም ቤት ብሄድ «የሚያስረዳልን ሰው የለም?» ነው። የእኔ አፍ ፊታቸው ተከፍቶ እያዩት ሌላ አፍ ይፈልጋሉ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል ያስቆጠረችኝ ልጄ ናት፤ እሱም ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ። ስለዚህ የምጽፈው እንደምናገረው ነው፤ ያልጣመው ይለፈው። በራሴ የደረሰብኝን ንቀት እየዋጥኩ ኖሬያለሁ። በልጄ ላይ ሲደርስ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ አልወርድ አለኝ።

ልጄ ድንኳን ሰፊ ናት። እግሮቿ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይታዘዟትም፤ ዊልቸሯ ላይ ተቀምጣ በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና ሸራ ስትሰፋ ትውላለች። ክንዷን ያየ ወዛደር የራሱን ክንድ እጅጌው ውስጥ ይደብቃል። ሐይቁ ዳር አንድ ማሠልጠኛ አለ፤ ጀልባ መቅዘፍ፣ ገደል መውጣት፣ ጫካ ማደር የሚያስተምሩበት። የተቀደደ ድንኳኑን፣ የተተረተረ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን የሚልከው ለእሷ ነው። ከዚያ ዕቃ ጋር ስትውል ምኞት አደረባት።

«እማ፣ ጃኬቱን እኔ እየሰፋሁ ውሃውን ሌላ ሰው ብቻ ለምን ያየዋል?» አለችኝ አንድ ቀን።

እንደ ቀልድ ነበር የቆጠርኩት። እሷ ግን የከተማው መዋኛ ገንዳ ተመዝግባ ዋና ተማረች። «ደግሞ ዓሣ ልትሆኚ ነው?» ብዬ ብቆጣ፣ «ዓሣም እኮ እግር የለውም» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ከዚያ የመጥረጊያዬን እንጨት ይዛ ሳሎን መሀል ግራ ቀኝ መቅዘፍ ጀመረች። «ቤቱን ልታሰጥሚው ነው!» እላለሁ። «ከሰጠመ አወጣሻለሁ» ትላለች።

ማሠልጠኛው የጀልባና የጫካ አሠልጣኞችን ሊያሠለጥን ነው ተባለ። አካል ጉዳተኛን እንዴት ውሃ ላይ ይዘው እንደሚወጡ ሊማሩ ነው። ልጄ ደወለች። አጠገቧ ነበርኩ፤ ነገሩን ሳትሸፍን ነው የተናገረችው፦ «አሠልጣኝ መሆን እፈልጋለሁ። ዋና እችላለሁ። እግሬ አይሠራም፣ በዊልቸር ነው የምሄደው።» ከማሠልጠኛው ስልኩን ያነሣችው ሴትዮ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «እንዳንቺ ያለ ሰው ነበር ያጣነው! ነይልን» አለች። ልጄ ስልኩን ዘግታ ወንበሯን ባለችበት እንደ እንዝርት አሾረችው።

የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ምን እንደሆነም ነግረዋታል። እያንዳንዱ ሠልጣኝ በጀልባዋ የኋላ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፤ የኋላው የአሠልጣኙ ቦታ ነው። ከፊቱ አንድ ሰው ያስቀምጣል፤ ውሃው ላይ የምትንሳፈፈውን ቀይ በርሜል ዞሮ ይመለሳል። ያን ያላደረገ ለማግስቱ አይጠራም። ልጄ እህል ስትበላም ስትተኛም ወሬዋ ቀይዋ በርሜል ሆነች።

በቀኑ የሠፈራችን የታክሲ ሹፌር በር ላይ አድርሶን ሄደ። ባርኔጣ ያጠለቀች ልጅ ባጅ ታድላለች፤ አንዱ አረንጓዴ ገመድ ያለው፣ አንዱ ቢጫ። ልጄን ዘላ እኔን፦

«እማማ፣ እሷ የምትፈልገው የተለየ ነገር አለ?»

«እሷ ማናት?» አልኳት።

በአገጯ አሳየችኝ።

«ጠይቂያታ። አትናከስም።»

ፊቷ ቀላ። ቢሆንም ልጄ አንገት ላይ ያጠለቀችላት ቢጫውን ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀምኩት፦ ተሳታፊ ይላል። አረንጓዴ ያጠለቁት ወጣቶች ደረት ላይ ያለው ሠልጣኝ ይላል።

«ተሳስታችኋል፤ እኔ ሠልጣኝ ነኝ» አለች ልጄ።

«ግድ የለም፣ ውስጥ ይስተካከላል።»

ውስጥ ሲስተካከል አይቼ አላውቅም። በር ላይ የተጣመመ ውስጥ ሲገባ ይሰበራል እንጂ።

ቢጫዎቹን ጥላ ሥር ደረደሩን። አጠገባችን ዓይነ ስውር መምህር ተቀምጠዋል፤ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። «እናንተስ ምን ተብላችሁ መጣችሁ?» አሉን። ልጄ ነገረቻቸው። «አዪዪ» አሉ፣ «እኔን ደግሞ ስለ ተራራ መውጣት ትነግረናለህ ብለው ነው የጠሩኝ። እስካሁን ያወጡኝ ከታክሲ ነው።»

ዋናው አሠልጣኝ መጣ። ፊሽካ አንገቱ ላይ ስላንጠለጠለ ባለፊሽካው አልኩት፤ እንደዚያው ቀረ። «ማካተት ከልብ ይጀምራል!» ብሎ ደረቱን መታ። ንግግሩ አይከፋም፤ ያልሆነውን አልልም። ግን ሲናገር ፊቱ ወደ አረንጓዴዎቹ፣ ጀርባው ወደ እኛ ነበር። ስለ እኛ ሲያወራ ጀርባውን ሰጥቶን ነው ያወራው።

«አሁን» አለ፣ «ራሳችንን በእነሱ ቦታ እናስቀምጣለን!»

ከአረንጓዴዎቹ ግማሾቹ ዓይናቸውን በጨርቅ አሥረው ግቢው ውስጥ ይርመሰመሱ ጀመር። ጩኸት፣ ሳቅ፣ ግጭት።

«ምን ሆነው ነው?» አሉ መምህሩ።

«ዓይናቸውን ሸፍነው ከዛፍ ጋር ይላተማሉ።»

«እኔ ከዛፍ ጋር ተላትሜ አላውቅም። ታዲያ ይህን ከማን ተማሩት?»

ልጄ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ግን ሳቋን አልሰማሁም። ባለፊሽካው ወደኛ መጣና ጎንበስ ብሎ እኔን፣ ልብ በሉ፣ እኔን፦

«እማማ፣ ዊልቸሯን ለአንድ አፍታ ብንዋሳት?»

«ወንበሩ የኔ ነው» አለች ልጄ። «ለምን ፈለጋችሁት?»

«ልጆቹ ስሜቱን እንዲያውቁት ነው። ለትምህርት ነው፣ እህቴ።»

«እኔም ለትምህርት ነው የመጣሁት። ሠልጣኝ ነኝ ብያለሁ።»

«አንቺማ ዛሬ አስተማሪያችን ነሽ!» አለና አጨበጨበ። ሁለት ጎረምሶች እንያዝሽ ወይ ሳይሏት በብብቷ ገብተው እንደ ጆንያ አነሷት፤ ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ለእሷ ወንበሯ እግሯ ነው፤ እግሯን ነቅለው ወሰዱ።

ሠልጣኞቹ ተራ ገብተው ተሽቀዳደሙበት። አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይቀመጣል፣ አንዱ ፎቶ ያነሣል። አንዲቱ ወርዳ «በጣም ከባድ ሕይወት ነው» ብላ ዓይኗን ጠረገች። ልጄን ግን ቀና ብላ አላየቻትም። በመጨረሻ አንዱ ጎረምሳ ቁልቁለቱን ለቀቀው። ዊልቸሩ እየተንደረደረ ሄዶ ውሃው ዳር ጭቃ ውስጥ ተሰነቀረ፤ የፊት ጎማው ተጣመመ። ልጁ እየሳቀም እያፈረም መጣ። «ይቅርታ፣ ከምሳ በኋላ እናስጠግነዋለን።» ከምሳ በኋላ! የእሱን እግር ብሰብረው እስከ ምሳ ይታገሠኝ ይሆን?

ፊሽካ ተነፋ። አረንጓዴዎቹ ወደ ጀልባዎቹ ወረዱ። የነፍስ አድኗ ጀልባ ቀድማ ወጥታ ቆመች። አንድ ሁለት ጀልባ ቀይዋን በርሜል ዞሮ ሲመለስ ልጄ ከፕላስቲክ ወንበሯ ታያለች። ጥርሷን መንከሷ ይታየኛል። አፌን ከፈትኩ።

«እማ፣ ተዪ» አለችኝ። «እነሱ በላዬ ያወራሉ። አንቺ ደግሞ በአፌ አታውሪ።»

ቆረጠኝ። እውነት ስለሆነ ነው የቆረጠኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ያን ጊዜ አፌ ውስጥ ሲነቅዝ ተሰማኝ።

ራሷ ጠራችው። «የኔ ተራ መቼ ነው?»

ባለፊሽካው የሚያባብል ፊት አወጣ። «አየሽ፣ ለአንቺ የሚሆን ልዩ ጀልባ ሊገዛ ታስቧል። እሱ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠራው አንቺን ነው። ለዛሬ ለደኅንነትሽ ስንል ተመልካች ሁኚ። የተሳትፎ ምስክር ወረቀት አዘጋጅተንልሻል።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«ዋና እንደምችል በስልክ ተናግሬያለሁ። ካላመንክ ውሃው እዚህ ነው፣ እይ።»

«ማመን አለማመን አይደለም፣ እህቴ» አለና ፊሽካውን እያሻሸ ሄደ።

 ልጄ ከፕላስቲኩ ወንበር ወደ ሣሩ ወረደች። በሁለት እጇ መሬቱን እየገፋች፣ እግሮቿን እያስከተለች ቁልቁል ተንቀሳቀሰች። ሳቁ ጠፋ። ወሬው ጠፋ።

«ምን ሆነ? ፀጥ አለ» አሉኝ መምህሩ።

«ልጄ እየሄደች ነው» አልኳቸው።

ባለፊሽካው ሮጠ። «ኧረ ተነሺ! ልብስሽ! እናንተ፣ አንሷት እንጂ!»

«አትንኩኝ» አለች። ሳትጮህ ነው ያለችው፤ ሁሉም ግን እጁን ሰበሰበ። ጀልባ የሚሳፈሩበት የእንጨት መወጣጫ ጋ ስትደርስ ያቺ ባጅ አዳይ፣ ባለ ባርኔጣዋ ልጅ አጠገቧ ተንበረከከች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ልጄን ራሷን ጠየቃት፦

«ምን ላድርግልሽ?»

«ጀልባዋን ወደ እንጨቱ አስጠግተሽ ያዢልኝ።»

ያዘችላት። ልጄ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጣ፣ በክንዶቿ ተንጠልጥላ፣ የኋላ መቀመጫው ላይ ዱብ አለች። ጀልባዋ ተወዛወዘች፤ ልቤም አብሮ ተወዛወዘ፤ ሁለቱም ረጉ። እንጨቱ ላይ ከተከመሩት ጃኬቶች አንዱን አነሣች፣ ገልብጣ ስፌቱን አየችና ለበሰችው። መቅዘፊያውን ተቀበለች።

«ከፊቴ የሚቀመጠው ማነው?» አለች።

አረንጓዴዎቹ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። ባለ ባርኔጣዋ «እኔ...» ብላ ልትነሣ ስትል ባለፊሽካው በእጁ ከለከላት።

«ማንም አይገባም! ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል? እህቴ፣ እዚያ መቀመጥሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚሁ ፎቶ እናነሣሻለን።»

«ፎቶ አልፈልግም። ሰው ነው የምፈልገው።»

መግቢያ ሲያጣ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ እርስዎ እናት ነዎት። እባክዎ ይምከሯት፣ አንድ ነገር ይበሉ!»

ልጄን አየኋት። በአንድ ወገን ከንፈሯ ፈገግ አለች። «እንግዲህ ተጠራሽ፣ እማ» አለችኝ።

ዱላዬን ይዤ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ለጉልበቴ አይስማማም፤ ለንዴቴ ግን ተስማማው።

«ዋና ትችላለህ?» አልኩት።

«እኔማ አዎ፣ እማማ፣ ግን—»

«እሷም ትችላለች። ነፍስ አድኗ ጀልባ ቆማለች?»

«ቆማለች።»

«ይህ የለበስከው ጃኬት ሰው ያንሳፍፋል?»

«በሚገባ!»

«ማን ሰፋው?»

ዝቅ ብሎ ስፌቱን አየ። የሚያውቀው ይመስለኛል። ባያውቅም ያን ጊዜ ደረሰበት።

«በስፌቷ ነፍስህን አምነህ ሰጥተሃት፣ በእጇ ጀልባ አታምናትም። ልጄ ልትታይ አልመጣችም፤ ልትማር ነው የመጣችው። ያልቻለችው ነገር ካለ አስተምራት። ለማስተማር አይደል ይህን ፊሽካ ያንጠለጠልከው? ጠዋት ‹በእነሱ ቦታ እንቀመጥ› ብለህ ወንበሯን ወሰድክባት። ወንበሯ ይኸው ጭቃ በልቶታል። አሁን ባዶ የሆነ አንድ ቦታ አለ፤ ከእሷ ፊት ያለው። እዚያ ተቀመጥና በሌላ ሰው እጅ መሄድ ምን እንደሚመስል ቅመሰው። ስሜቱን ማወቅ አይደል የፈለግከው?»

«እማማ፣ ደንቡ—»

«ደንቡን ስትመለስ ታጫውተኛለህ። በርሜሏን ዞራችሁ ስትመጡ ደግሞ ያን ቢጫ ገመድ ከአንገቷ አውጥተህ አረንጓዴውን በገዛ እጅህ ታጠልቅላታለህ፤ ነገም ከሁሉ በፊት እሷን ትጠራለህ። አሁን ፊሽካህን ወዲህ በል፣ እኔ እይዝልሃለሁ።» እጄን ዘረጋሁለት። «ግባ።»