የኤሊያስ ምርቃት

ሂሩት በሠርጉ ድንኳን ጥግ ተንበርክካ ላፕቶፗን ስትነካካ የወንድሟ የኤሊያስ ፊት በድንኳኑ ሁለት ስክሪኖች ላይ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ውጭ የሚዜዎቹ መኪኖች ጥሩምባቸውን ይነፋሉ።

«ምነው ሂሩት፣ ሙሽራዋን ሳትመረቅ ልንሸኛት ነው እንዴ?» አሉ አጎቷ ጋሽ ባፈና።

አባታቸው በሕይወት የሉም። ሙሽራዋን እህታቸውን ቤተልሔምን መርቆ መሸኘት የበኩሩ የኤሊያስ ድርሻ ነው፤ ኤሊያስ ደግሞ ጆሃንስበርግ ነው። የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀ ከሄደ ወዲህ ሆሳዕናን አልረገጠም። የሙሽራው ወገኖች የዱራሜ ሰዎች ናቸው፤ ሳይመሽ መነሣት አለባቸው።

ጥፋቱ የራሱ የኤሊያስ ነበር። «ዘመድ እንዳይቀር» ብሎ የቀጥታ ስርጭቱን ሊንክ በቤተሰብ ግሩፕ ለቀቀው። ዘመዱ ሁሉ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ በዚሁ ቤት ዋይፋይ፣ በየስልኩ ከፈተዋ! አንድ ምስል በአንዲት ቀጭን መስመር መቶ ጊዜ ሲጋፋ ለማን ሊደርስ?

ኮሌጅ ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ የሆነችው ሂሩት መላ አላጣችም። «በመልቲካስት አደርገዋለሁ። ምስሉ ከውጭ አንዴ ብቻ ይገባል፣ ከዚህ ለሁለቱም ስክሪኖች እኩል ይደርሳል። የስልክ ዋይፋይ ግን ይዘጋል፤ የሁሉም።»

«የኔም?»

«የእርስዎም፣ ጋሼ። ለአንድ ከከፈትኩ ለሁሉም መክፈቴ ነው።»

ዘጋችው። እንግዳው አጉረመረመ። ወዲያው እግሯ አልንቀሳቀስ ብሏት ጓዳ የተኛችው እናቷ ድምፅ ተሰማ።

«ሂሩትዬ፣ ልጄን ከስልኬ ላይ ማን ወሰደብኝ?»

ለእናቷ ብቻ ብትከፍት ምን አለበት? ጋሽ ባፈና ግን ስልካቸውን እንደያዙ ቆመው ያዩዋታል፤ ከሳቸው ኋላ ደግሞ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አለ። ስክሪኖቹን አየቻቸው። አንዱ በሙሽሮቹ ፊት፣ ሌላው ፓስተሩ በተቀመጡበት በክብር እንግዶቹ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ተነሥታ የክብር እንግዶቹን ስክሪን ነቀለች።

«ኧረ ልጅት! ፓስተሩን ምን ልታሳዪያቸው ነው?» አሉ ጋሽ ባፈና።

«እርሳቸው ወደ ሙሽሮቹ ጠጋ ይበሉ፣ ጋሼ።»

ገመዱን እየጎተተች ጓዳ ገባችና ስክሪኑን በእናቷ አልጋ ግርጌ አቆመችው። ኤሊያስ ድንኳንም ጓዳም እኩል ብቅ አለ፤ ትልቅ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ።

እናቷ በክርኗ ቀና አለች። «ውይ ልጄን! ሸብቷል እኮ!»

«ሂሩት!» ብለው ተጣሩ ጋሽ ባፈና ከድንኳን። እሷ ገመዱ እንዳይጎዳ በሩን ቀስ ብላ መለሰችና ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።