የመሕሙድ ስም ሲዞር

ጋሽ ሙባረክ «አሰላሙ አለይኩም» ሲሉ እንኳ ሰው የሚያዝዙ ነው የሚመስሉት። ማተሚያ ቤቱ ገብተው ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ወንበር ስበው ኮምፒውተር ላይ ከምትሠራው ከከይሪያ ትከሻ አጠገብ ተሰየሙ። ከደጋን ተነስተው ደሴ ድረስ የመጡት ለወንድማቸው ልጅ ለመሕሙድ የሰርግ ባነር ነው። ሙሽራው ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ፈረቃውን ጨርሶ በቀጥታ መጥቶ ከኋላቸው ቆሟል። ሙሽራይቱ ደግሞ ራሷ ከይሪያ ናት። የሰርጓን ባነር በገዛ እጇ እየሠራች የባል አጎት ጆሮዋ ሥር ተቀምጠው የሚያዝዟት ሙሽራ ሌላ ካለች ትምጣና ታውራ!

ሁለቱ ስሞች ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ይሄ ምን የሞተ ጽሑፍ ነው?» አሉ ጋሽ ሙባረክ። «እስኪ የመሕሙድን አውጪው፤ ይነፋ!»

ከይሪያ ከላይ ከተደረደሩት ምልክቶች ማወፈሪያውን ነካችና ፊደሎቹን ወደፊት ሳበቻቸው። መሕሙድ የሚለው ስም እንደ ግንብ ገጭ ብሎ ወጣ።

«ማሻአላህ! ጨምሪ።»

ጨመረች።

«መብራትስ የለውም?»

አለው፤ ምን የሌለው ነገር አለ! የአምፖሏን ምልክት ተጭና ከግራ በኩል አበራችለት። የዚያ ሁሉ ግንብ ጥላ ታዲያ የት ይሂድ? ተጋድሞ «ከይ»ን ዋጠና «ሪያ» ብቻ ቀረች።

«ስሜ እኮ ጨለማ ውስጥ ገባ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን አለበት? ደግሞ ይሄን ሥራ ከሰርጉ በኋላ ትተዪዋለሽ። ደጋን ቤት አሰናድቼላችኋለሁ። ተነጋግረን ጨርሰናል።»

ጨርሰናል! ከማን ጋር? ከይሪያ ዞራ መሕሙድን አየችው። «ሥራሽን አትተዪም፤ ወላሂ እኔው እነግራቸዋለሁ» ብሎ የማለላት ሰውዬ አሁን ጫማውን ይመረምራል።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እንግዲህ… ጋሼ ያሉት…» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

ደሟ ፈላ። ይሄን ነው የማገባው? አለች በልቧ። የፊደሎቹን ውፍረት ወደ ዜሮ መለሰች። ማዞሪያዋን ክብ ቀስት ያዘችና የመሕሙድን ስም እንደ በር ወደ ጎን አዞረችው። እንደ ወረቀት ውፍረት የሌለው ጽሑፍ በጎኑ ሲዞር ምን ይታያል? ምንም። እልም አለ።

«የት ሄደ?» ብለው ጮኹ አጎት።

«የትም አልሄደም፣ እዚያው አለ። ሙሽራው ራሱ ፈልጎ ይመልሰው።» ብድግ ብላ ወንበሩን ለቀቀች። «ካልመለሰው ባነሩም ይቅር፣ ሰርጉም ይቅር።»

መሕሙድ ዘሎ ተቀመጠ። የምልክት ዘር አልቀረውም፣ ሁሉንም ነካካ። አንዱን ሲጫን የባነሩ ጀርባ ደም መሰለ፣ ሌላውን ሲጫን የከይሪያ ስም ተዘቀዘቀ። ጋሽ ሙባረክ «እሱን አይደለም! ያኛውን! አይ አንተ ደንባራ!» እያሉ ስክሪኑን በጣታቸው ይደቁሱት ጀመር።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱ!»

መሕሙድ ነው እንዲህ ያለው። ራሱም ደነገጠ፤ ግን አንዴ ከአፉ ወጥቷል።

«ይሰብሩባታል። ከይሪያ የምትሠራበት ነው፤ ከሰርጉ በኋላም ትሠራበታለች። ደጋንም አንገባም። እንደ አባቴ ነው የማከብርዎት፣ ይሄን ግን አልሰማዎትም።»

ጋሽ ሙባረክ «ሱብሃነላህ!» ብለው ኮፍያቸውን አስተካክለው ወጡ።

መሕሙድ አሁንም ስሙን ይፈልጋል። ከይሪያን ሳቅም እንባም ባንዴ መጣባት። የአጎትየውን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ማውሱን ግን አልቀማችውም።

«ያችን ክብ ቀስት ያዝና አዙር» አለችው። «ቀስ በል፤ አለሁ።»