የዘመነ ታኮ

"ይኼ ቀጭኑ ይሻልዎታል፤ ጭንዎ ላይ አይከብድም" አለች እስከዳር፣ ላፕቶፑን በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ ለአባቷ እያሳየች።

ባዘዘው ዐይኑን ብቻ ጣል አደረገበት። በደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ሹፌር ባዘዘው ሲባል የማያውቅ አልነበረም፤ የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ሲወርድ ሲወጣ ያረጀ ሰው ነው። ከአንድ አደጋ ወዲህ ግን መሪ ጨብጦ አያውቅም። ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ መዋሉ የልጁን አንጀት በላ። ጎረቤት ቤት የአውቶቡስ መንዳት ጨዋታ አይቶ እንደ ልጅ ሲቁለጨለጭ ስታየው፣ መምህርነት በተቀጠረች ሰሞን ይዛው ሱቅ መጣች። በዚህ ዕድሜው ለጨዋታ ዕቃ ልገዛ ብሎ መምጣቱ አሳፍሮታል፤ ደስም ብሎታል፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

ባለሱቁ ፍቅረ ሥላሴ ሦስት ላፕቶፖች ደርድሮ አስረዳቸው። ወፍራሙ የመጣውን ጨዋታ ሁሉ ይችላል፣ ነገር ግን ክብደቱ ድንጋይ ነው። በጣም ቀጭኑ ለጽሑፍ ይሆናል እንጂ ጨዋታ ሲጭኑበት ይግላል፣ ይንቀራፈፋል። መካከለኛው ቀጠን ያለም ነው፣ የአውቶቡሱንም ጨዋታ አይከለክልም። "ለምን እናወራለን፣ ይሞክሩት እንጂ ጋሼ" ብሎ ከፈተለትና ማርሹንና ፍሬኑን አሳየው።

ባዘዘው እንደ ልማዱ አማትቦ የጨዋታውን አውቶቡስ አስነሣ። ጣቱ ወዲያው ተፍታታ፤ ኩርባውን በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ያልፈው ጀመር። እስከዳር ፊቱ ላይ እንዲህ ያለ ፈገግታ ካየች ቆይታለች። ዳገቱ መሐል ሲደርስ ግን ሞተሩ ጠፋበት። ፍሬኑን ይዞ አስነሣው። ከፍሬኑ ላይ ግን ጣቱን አላነሣም።

"አሁን ይልቀቁት ጋሼ፣ ይሄዳል" አለ ፍቅረ ሥላሴ።

ባዘዘው ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ።

"አባባ፣ ምን እየጠበቁ ነው?"

"እስኪመታልኝ።"

የሹፌሮች ልማድ ነው። መኪና ዳገት ላይ ሲጠፋ ረዳቱ ወርዶ የኋላ ጎማ ሥር ታኮ ይሸጉጣል። ታኮ ጎማ የሚያግድ ወፍራም እንጨት ነው። ከዚያ ራቅ ይልና የመኪናውን ጎን በመዳፉ ሁለቴ ይመታል፤ ሹፌር ያን ሳይሰማ ፍሬን አይለቅም። በአደጋው ዕለት ዓባይ በረሃ ላይ መኪናው ሲጠፋ ረዳቱ ዘመነ ታኮውን ይዞ ወረደ። ተሳፋሪው በሙቀቱ ተንጫጫ፤ ባዘዘው ቸኮለ። ዘመነም ከጎማው ሥር በሕይወት አልወጣም።

ዘመነ ረዳቱ ብቻ አልነበረም፤ ወንድ ልጁን ክርስትና ያነሣለት አበልጁ ነበር። ባዘዘው ግን ለጠየቀው ሁሉ "መትቶልኝ ነበር፤ ታኮው ሸሽቶ ነው" አለ። ሙት አፍ የለው፣ ጥፋቱ በዘመነ ላይ ቀረ። ይጁቤ ከተማ ያለችው የዘመነ ሚስት ሥራነሽ ሽማግሌ ሲላክባት እርቁን ተቀበለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አበልጄ ራሱ መጥቶ እንዴት እንደ ሞተ ይንገረኝ አለች። አልሄደም። አበልጅ ሆኖ ልቅሶ ሳይደርስ ቀረ፤ በጎጃም ይህ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለማንም መንገር አያሻም።

"ያን ዕለት አልመታም" አለ ባዘዘው፣ ዐይኑን ከጨዋታው አውቶቡስ ሳይነቅል። "አልጠበቅሁትም፣ ልጄ። ዘመነ ምንም አላጠፋም።"

እስከዳርም እንደ ሌላው ሰው አምናው ነበር። አሁን ትከሻውን ያዘችው። ፍቅረ ሥላሴ ነገሩ ባይገባውም አቀረቀረ።

ባዘዘው ፍሬኑን እንደያዘ በሌላ እጁ ክዳኑን ዘጋው።

"ያን በጣም ቀጭኑን ለራስሽ ውሰጂ፤ ለማስተማሪያሽ ይሆንሻል። እኔ ይጁቤ እሄዳለሁ።"

"አብሬዎት ልሂድ?"

"አይሆንም። ሥራነሽ የጠራችው እኔን ነው።"

መናኸሪያ ሲደርስ የይጁቤው ሚኒባስ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። የሚያውቀው ሹፌር ጋቢና እንዲገባ ለመነው፤ ባዘዘው አመስግኖ አለፈና የኋላው ጎማ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጠ። ሚኒባሱ ሞላ። ሞተሩ ተነሣ። ረዳቱ በሩን ዘግቶ ጎኑን ሁለቴ መታ፣ መኪናውም ሄደ።